የአዲስ አበባ ሰፈሮች ታሪክና ለውጥ፦ ሰፈራቸውን መሰነድ የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

የፈረሰ ቤት ቢያንስ ፎቶ ላይ ይገኛል። «ይህ ጥግ ለምን እንዲህ ተባለ? እዚህ ጋ በፊት ማን ነበር?» ለሚለው መልስ ያላቸው ሰዎች ግን አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገባ በኋላ መልሶ ማሰባሰብ እጅግ ይከብዳል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተጻፉት ጎረቤት ከጎረቤት ሳይለያይ የሰፈሩን ታሪክ መያዝ ለሚፈልግ ሰው ነው። ተማሪም ይሁን የዕድር ጸሐፊ፣ ወይም እናቱ የነገረችውን ማረጋገጥ የፈለገ ልጅ።

ሰፈር ምንድን ነው? ወሰኑስ የት ድረስ ነው?

ቃሉ የመጣው ከጦር አሰፋፈር ነው። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ወርደው ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር፣ መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ እየተመሩ ከነሠራዊታቸውና ከነቤተ ሰባቸው ሰፈሩ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ናቸው። ሠራተኛ ሰፈር ደግሞ የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነው። ወሎ ሰፈርንና ጎፋ ሰፈርን የመሳሰሉት ነዋሪዎቹ የመጡበትን አገር ይናገራሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቦታው ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን የሚሉት ስሞችም እዚያው ይኖሩ የነበሩ የኦሮሞ ጎሳዎች ስሞች ናቸው። የሰፈር ታሪክ ከ1879 ዓ.ም. ብቻ የሚጀምር ከሆነ ጎዶሎ ነው።

ወሰንን በተመለከተ፣ ሰፈር በሕግ የተሰመረ ድንበር የለውም። ወረዳ አለው፣ ክፍለ ከተማ አለው፣ ሰፈር ግን በነዋሪው አእምሮ ውስጥ ነው ያለው። ወሰኑን ለማግኘት የአካባቢውን ካርታ በኤ3 ወረቀት ያትሙና በዕድሜና በሥራ የተለያዩ 10 ሰዎች «ሰፈራችን እስከ የት ነው?» የሚለውን በየራሳቸው ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ እንዲያሰምሩ ያድርጉ። ከዚያ ወረቀቶቹን ደራርበው በመስኮት ብርሃን ይዩአቸው። ሁሉም የተስማሙበት መሐል ይወጣል፤ ያልተስማሙበት ጠርዝም ብዙ ጊዜ ወንዝ፣ የዕድር ወሰን ወይም የደብር ወሰን ሆኖ ይገኛል። ሰዎቹን አንድ ላይ ሰብስቦ ማስመር ግን ስሕተት ነው፤ አንደኛው ታላቅ ሰው ያሰመረውን ሌሎቹ ይደግሙታል።

የሰፈሬ ስም ከየት እንደመጣ እንዴት አረጋግጣለሁ?

መጀመሪያ ስሙ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ይለዩ። የአዲስ አበባ ስሞች በንብርብር የተቀመጡ ናቸው። ከጎሳ፣ ከወንዝና ከኮረብታ ስሞች ላይ የመኳንንቱ ስሞች መጡ። በላዩ ላይ የጣሊያን ወረራ ዘመን ስሞች ተጨመሩ። ፒያሳ «አደባባይ»፣ መርካቶ «ገበያ» ማለት ነው። ካዛንቺስ ደግሞ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ የሚሠራላቸው ድርጅት አሕጽሮተ ስም ከሆነው «ኢንቺስ» እና ቤቶች ከሚለው «ካዜ» የተጣመረ ነው። ቀጥሎ ቄራና ጎተራ ከነበሩበት ተቋም፣ ሜክሲኮ ከአደባባዩ፣ ዊንጌት ከትምህርት ቤቱ ወጡ። ሲኤምሲ የመንገድና የግንባታ ሥራ ይሠራ ከነበረ የጣሊያን ኩባንያ ስም ነው። በቅርቡ ደግሞ አያትን የመሳሰሉ የቤት አልሚዎች ስሞች መጥተዋል።

ከዚያ ቀጥሎ የሰሙትን ታሪክ በሦስት ጥያቄ ይፈትሹት። ስሙ መጀመሪያ በጽሑፍ የተገኘው መቼ ነው? ታሪኩ የሚጠቅሰው ነገር በዚያ ዘመን በእርግጥ እዚያ ነበር? ታሪኩን የነገሩዎት ሁለት ሰዎች ከተለያየ ምንጭ ነው የሰሙት ወይስ ሁለቱም ከአንድ የሬዲዮ ፕሮግራም?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በድምፅ መመሳሰል ነው። ለገሃርን ይውሰዱ። ለገጣፎና ለገዳዲ ላይ ያለው «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ለገሃርም የወንዝ ስም ነው ብሎ ይደመድማል። ለገሃር ግን «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ስለሆነ ስሙ ከዚያ በፊት ሊኖር አይችልም። ከዚያ በፊት የተጻፈ ነው በሚባል ሰነድ ላይ «ለገሃር» የሚል ካገኙ ሰነዱ በኋላ የተገለበጠ ነው ማለት ነው። በተቃራኒው ሸጎሌ ሲሰሙት ከማንም ስም ጋር የማይገናኝ ይመስላል። የቤኒሻንጉል ገዢ ከነበሩት ከሼኽ ሆጀሌ ስም በአፍ ሲንከባለል የመጣ መሆኑን የሚያሳየው፣ የሼኽ ሆጀሌ ቤት እዚያው አካባቢ መቆሙ ነው። ሰባራ ባቡርም እንዲሁ ነው፤ በምኒልክ ዘመን በእንፋሎት የሚሠራ ተሽከርካሪ እዚያ ተበላሽቶ ቀረ። ያኔ «ባቡር» የሚባለው በሐዲድ የሚሄደው ብቻ እንዳልነበር ካላወቁ «ሐዲድ በሌለበት ምን ባቡር?» ብለው ትክክለኛውን ታሪክ ይጥሉታል። ወፍጮንም «የእህል ባቡር» የሚል ሰው እስከ ዛሬ አለ።

የድሮ ወረቀት ላይ «ከፍተኛ 5 ቀበሌ 09» ይላል። አሁን የት ነው?

ቁጥሩን ከአሁኑ ወረዳ ቁጥር ጋር በጭራሽ አያዛምዱት። ብዙ የቤተ ሰብ ታሪክ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በደርግ ዘመን ከተማዋ በ25 ከፍተኛ ተከፍላ በየከፍተኛው ውስጥ ቀበሌዎች ነበሩ። በ1990ዎቹ አጋማሽ 10 ክፍለ ከተሞች ሲቋቋሙ ቀበሌዎች ተጣመሩ። «ቀበሌ 03/09»፣ «ቀበሌ 17/18» እያሉ በእዝባር የሚጻፉት የዚያ ዘመን ናቸው። በኋላ ቀበሌ ቀርቶ ወረዳ መጣ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆነ። ስለዚህ አንድ ግቢ ሳይነቃነቅ አራት አድራሻ ሊኖረው ይችላል።

የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው። ከእያንዳንዱ ዘመን አንድ አንድ ወረቀት ያሰባስቡ፦ የደርግ ዘመን መታወቂያ ወይም የኪራይ ደረሰኝ፣ የእዝባሩ ዘመን የውሃ ወይም የመብራት ቢል፣ የአሁኑ መታወቂያ። ሦስቱ አንድ ቤት ላይ ከተገናኙ ያ ቤት ለሰፈሩ ሁሉ መፍቻ ቁልፍ ይሆናል። በሰፈሩ በአራቱም ማዕዘን እንዲህ ያሉ 4 ወይም 5 ቤቶች ካገኙ የቀሩትን ማስላት ይቻላል። የቤት ቁጥር በር ላይ ያለችው ትንሽ ቆርቆሮ ላይ ብዙ ጊዜ በላዩ ላይ ቀለም ተቀብቶበት ይገኛል። ብርሃን ከጎን ካበሩበት የድሮው ቁጥር ጉብ ብሎ ይታያል፤ ሳይፍቁ በዚያው ፎቶ ያንሱት። መታወቂያ ላይ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» የሚል ሲገጥምዎ ቤቱ ቁጥር ሳይሰጠው የቆየ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን በቁጥር ሳይሆን በጎረቤት ቤት ይለዩት።

ሁሉም ሰው «አዋጁ» እያለ የሚያነሳው ምንድን ነው? ለሰፈር ታሪክስ ምን ያደርጋል?

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ የመኖሪያ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። የተወረሱት ቤቶች በኪራያቸው መጠን ተለዩ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። «የቀበሌ ቤት» እና «የኪራይ ቤቶች ቤት» የሚለው ልዩነት መነሻው ይህ ነው።

የአሮጌ ሰፈሮችን መልክ ከዚህ በላይ የወሰነ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ኪራይ ተቀንሶ ለአሥርት ዓመታት እዚያው ቆመ። በሚሰበሰበው ገንዘብ ጣሪያ መቀየር አልተቻለም፣ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ በፈቃዱ ማሻሻል አልቻለም። ግቢው ተሸንሽኖ አንድ ሽንት ቤትና አንድ ቧንቧ ለብዙ አባወራ ሆነ። በሌላ በኩል ደግሞ ደሃው ከመሐል ከተማ አልተገፋም፤ ሀብታሙና ጉልት ነጋዴዋ በአንድ አጥር የተዋሰኑባቸው ሰፈሮች እንዲቆዩ ያደረገው ይኸው ነው። ሰፈሩን ስትመዘግቡ ለእያንዳንዱ ቤት «ከአዋጁ በፊት የማን ነበር፣ በአዋጁ ምን ሆነ» የሚል አንድ መስመር ይኑራችሁ። ጥያቄው ግን ቁስል ሊነካ ይችላል። ቤቱ የተወረሰበት ሰውና ቤቱ የተሰጠው ሰው ዛሬም ጎረቤታሞች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ሁለቱን ለየብቻ ይጠይቁ።

ሽማግሌዎቹ ዓመተ ምሕረቱን አያስታውሱትም። ምን ይሻላል?

ዓመተ ምሕረት አይጠይቁ። የሚታወቁ ነገሮችን ከፊት ያስቀምጡና «ከዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ይበሉ። ለአዲስ አበባ የሚጠቅመው መቁጠሪያ ይህን ይመስላል፦

- የኅዳር በሽታ፦ ኅዳር 1911 ዓ.ም. (ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው የሚያውቀው ከወላጆቹ ሰምቶ ነው)
- ጣሊያን ሲገባ፦ ሚያዝያ 1928፤ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ፦ 1929፤ ጃንሆይ ሲመለሱ፦ ሚያዝያ 1933
- የታኅሣሥ ግርግር፦ 1953
- አብዮቱ፦ 1966፤ አዋጁ፦ ሐምሌ 1967፤ ቀጥሎ ቀይ ሽብር
- ኢሕአዴግ ሲገባ፦ ግንቦት 20 ቀን 1983
- ምርጫ 97፤ ሚሊኒየሙ (2000)፤ የከተማው ባቡር ሥራ ሲጀምር (መስከረም 2008)

ከእነዚህ መሐል በሁለት ክስተቶች መካከል ካስገቡ በኋላ በልጅ ዕድሜ ያጥብቡት፦ «እማማ፣ ይሄ መንገድ አስፋልት ሲሆን የመጀመሪያ ልጅዎ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር?» ማንም እናት የልጇን የትምህርት ቤት ዘመን አትረሳም። ግምቱን ሲጽፉም «1958 ዓ.ም.» ብለው አያደርቁት፤ «ከታኅሣሥ ግርግር በኋላ፣ ከአብዮቱ በፊት፤ ምናልባት 1957–1959» ብለው እንደሰሙት ይጻፉት።

ዓ.ም.ን ወደ እ.ኤ.አ. ስቀይር አንድ ዓመት እየዘለልኩ ነው። ለምን?

7 እና 8ን እየቀላቀሉ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7 ይደምሩ፤ ከታኅሣሥ 23 ገደማ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8። ኅዳር 1911 እ.ኤ.አ. 1918 ነው፤ የካቲት 1929 ግን እ.ኤ.አ. 1937። ወሩን የማያውቁት ከሆነ በሁለቱም ይጻፉ፦ «1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1965/66)»። የቃለ መጠይቁን ዋና ጽሑፍ ሁልጊዜ ተናጋሪው በተጠቀመበት አቆጣጠር ይተዉት።

ቃለ መጠይቅ ስቀዳ ምን ምን ይበላሻል?

ከሁሉ በላይ ድምፅ። ጀበና፣ ቴሌቪዥንና የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ሦስቱ ትልልቅ ጠላቶች ናቸው። ስልኩን በረራ ሁኔታ ላይ ያድርጉና ከተናጋሪው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ በታጠፈ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡት። ጠረጴዛው ላይ በባዶው ካስቀመጡት ስኒ በተቀመጠ ቁጥር ድምፁ ይደልቃል። 10 ሰከንድ ቀድተው አዳምጠው ይጀምሩ። ሁለተኛ ስልክ ካለ በሁለቱም ይቅዱ። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ3 ለአንድ ሰዓት 60 ሜጋባይት አይሞላም፤ ቦታ የለኝም የሚያሰኝ አይደለም።

ሲጀምሩ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ፈቃድ በድምፅ ያስገቡ፦ «አባባ፣ ይህን ቀድቼ ለሰፈሩ ልጆች ባስቀምጠው ይፈቅዳሉ? ስምዎ ይጠቀስ ወይስ ይቅር?» መልሱን በግልጽ ካልሰሙ አይቀጥሉ። ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው፤ ሽማግሌ ሲደክመው አጭር አጭር ይመልስና ለማሳረፍ ሲል «አዎ» ማለት ይጀምራል። ሌላ ቀን ይመለሱ።

ከሁሉ የሚሻለው ጥያቄ መንገድ ነው። «ልጅ ሆነው ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በቀኝና በግራ ምን ምን ነበር?» ካሏቸው፣ «ስለ ሰፈሩ ይንገሩኝ» በሚል የማያገኙትን ይነግሩዎታል፦ ጠጅ ቤቱን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ወንዙ ሞልቶ ልጅ የወሰደበትን ቦታ፣ ሾላው የቆመበትን። መራመድ ከቻሉ ደግሞ አብረዋቸው ይሂዱና ስልክዎ ላይ የጂፒኤስ መስመር ይመዝግቡ።

የአንድን ሰዓት ቅጂ በጽሑፍ መገልበጥ 5 ወይም 6 ሰዓት ይፈጃል። 20 ሰው ቀድቶ አንዱንም ሳይገለብጡ ከመቅረት 6 ሰው ቀድቶ ሁሉንም መገልበጥ ይሻላል።

የአንድ አሮጌ ቤት ዕድሜ በምን ይታወቃል?

በአንድ ምልክት አይታወቅም፤ ቤት ይታደሳል፣ ይቀጠላል፣ ቆርቆሮው ከሌላ ቦታ ይመጣል። መጀመሪያ አካሉን ይዩ። የጭቃ ቤት ከሆነ ቋሚው ጽድ ነው ወይስ ባሕር ዛፍ? ባሕር ዛፍ በከተማዋ የተስፋፋው በምኒልክ ዘመን ከመጣ በኋላ ስለሆነ፣ ወፍራም የጽድ ቋሚ ቤቱ የቆየ ለመሆኑ አንድ ፍንጭ ነው፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ፒያሳና ሠራተኛ ሰፈር አካባቢ የነበሩት ሰፋፊ የጣውላ በረንዳ ያላቸው፣ ከታች ጥርብ ድንጋይ ከላይ ጭቃና እንጨት የሆኑ ቤቶች ላይ የሕንድና የአርመን ግንበኞች እጅ አለበት። ብሎኬት ያለበት ክፍል በአብዛኛው በኋላ የተቀጠለ ነው።

ከዚያ ግድግዳውን ይመርምሩ። ብዙ የጭቃ ቤት ውስጡ በጋዜጣ ተለጥፎ፣ በጋዜጣው ላይ ደግሞ ሌላ ጋዜጣ፣ በላዩ ቀለም ይገኛል። ቤቱ ሊፈርስ ከሆነ ከበሩ ጀርባ ወይም ከአልጋ ራስጌ በኩል አንድ ጥግ ይምረጡ። ውሃ በነካ ስፖንጅ ለ10 ደቂቃ ያርጥቡና በቀጭን የቅቤ ቢላ ከጠርዝ ጀምረው ንብርብሩን አንድ በአንድ ያንሱ። እያንዳንዱን ከማንሳትዎ በፊት ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሱ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1933 ዓ.ም. ነው። ራስጌው ላይ ያለው ቀን የሚነግርዎት «ከዚህ ቀን በፊት አልተለጠፈም» የሚለውን ብቻ ነው፤ ቤቱ የተሠራበትን ቀን አይደለም፤ አሮጌ ጋዜጣ ገዝቶ መለጠፍ የተለመደ ነበርና። ከሁሉም በታች ያለው፣ በቀጥታ ምርጊቱ ላይ ያረፈው ንብርብር ነው ዋጋ ያለው። የአቡጀዲ ኮርኒስ ካለም ከላዩ ይመልከቱ፤ ከጣሪያው ሥር የተጣሉ ደረሰኞችና ደብዳቤዎች ይገኛሉ። ምስጥ የበላውን ወለል ግን አይርገጡ፣ ኮርኒሱ ላይም አይውጡ፤ ከመሰላል ሆነው በስልክ ካሜራ ይዩት።

ልኬቱን በ1 ለ50 ይሳሉ፤ 1 ሜትር በወረቀት ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በካሬ ደብተር ይመቻል። የክፍሉን አራት ጎኖች ብቻ ሳይሆን ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያሉትን ሁለቱንም አግድሞች ይለኩ። 3 በ4 ሜትር የሆነ ክፍል ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ከሆነ አግድሙ 5 ሜትር ነው። ሁለቱ አግድሞች እኩል ካልመጡ ክፍሉ የዞረ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በተከፋፈለ ግቢ የተቀጠለ ክፍል ሆኖ ይገኛል።

ሰፈራችን በቅርቡ ይነሳል ተብሏል። በቀረን ጥቂት ሳምንት ምን ይቅደም?

ፒያሳም ካዛንቺስም ሲነሱ የታየው አንድ ነው፦ ሰው ዕቃ ማሰር ከጀመረ በኋላ ለታሪክ ጊዜ የለውም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ስልክ ቁጥር ይሰብስቡ። የዕድሩ መዝገብ ሁሉንም አባወራ ስለያዘ ከዚያ ይጀምሩ። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ቁጥር ይያዙ፤ የአባወራውንና የአንድ ወጣት ልጅ። ሽማግሌው ሲም ካርድ ቢቀይር ልጁ ይገኛል። ሌላው ሁሉ ቢያመልጥ ይህ ካለ በኋላ ይሞላል።

በሁለተኛው ቀን መንገዱን ያንሱ። ከሰፈሩ አንድ ጫፍ ተነስተው የቀኙን ጎን ብቻ እስከ መጨረሻው፣ ሲመለሱ የግራውን። በየበሩ ፊት ለፊት አንድ፣ በሰያፍ አንድ፣ የቤት ቁጥሩን ቀርቦ አንድ። ካሜራው ላይ የቦታ መረጃ መብራቱን አስቀድመው ያረጋግጡ። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ከቀትሩ ይሻላል፤ ቀትር ላይ ጣሪያው በረንዳውን ያጨልመዋል። በመንግሥት ተቋማትና በጥበቃ አካባቢ ካሜራ ከማውጣትዎ በፊት ይጠይቁ፤ ከዕድሩ ወይም ከትምህርት ቤት የትብብር ደብዳቤ መያዝ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ከዚያ በኋላ ነው ቃለ መጠይቅ። በዕድሜ ታላቅ ከሆኑት ሳይሆን በጤና ደካማ ከሆኑትና ሩቅ ቦታ ከተመደቡት ይጀምሩ። ልኬት በመጨረሻ ይምጣ፤ ያውም ለሁለት ወይም ሦስት ቤት።

የራስዎን ወረቀት ግን ከሁሉ በፊት ይያዙ። ለባለይዞታ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝና የግንባታ ፈቃድ፤ ለቀበሌ ቤት ተከራይ የኪራይ ውልና ደረሰኞች። የካሳና የምትክ ጉዳይ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስለሆነ አዋጁን ከነማሻሻያው አግኝተው ያንብቡ። ካርታ ላይ ያለው ስፋትና መሬት ላይ ያለው ስፋት የማይገጥምባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ልዩነቱን ከመለካቱ በፊት ማወቅ ይሻላል።

የቤተ ሰብ ፎቶና ሰነድ እንዴት ይገለበጥ?

ስካነር ካለ ፎቶን በ600 ዲፒአይ (የስካነሩ የጥራት መጠን)፣ ጽሑፍን በ300። ከሌለ በስልክ፤ ጥላ ውስጥ በቀን ብርሃን፣ ፍላሽ አጥፍተው፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርገው። የፎቶውን ጀርባም ሁልጊዜ ያንሱ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና በእርሳስ የተጻፈው ስም እዚያ ነው። አልበም ላይ የተጣበቀውን አይገንጥሉ። ዋናውን ይዘው አይሂዱ፤ እዚያው ገልብጠው እዚያው ይመልሱ። «ነገ እመልሳለሁ» ተብሎ የሄደ ፎቶ ያልተመለሰባቸው ሰዎች ሁለተኛ በር አይከፍቱም።

ባለፎቶው ፊት ሆነው «ይህ ማነው? ከኋላ የሚታየው ቤት የማን ነው?» እያሉ ይቅዱ። ብዙ ጊዜ ከሰዎቹ ይልቅ ጀርባው ነው የሚፈለገው፤ የሠርግ ፎቶ ላይ ከሙሽሮቹ በስተኋላ የፈረሰ አጥር፣ የመብራት እንጨት፣ የሱቅ ጽሑፍ ይገኛል።

የሳተላይት ምስል ምን ያህል ወደ ኋላ ይወስዳል?

ጎግል ኧርዝ ላይ ያለው የድሮ ምስሎች ማሳያ ለአዲስ አበባ ቤት በቤት የሚለይ ምስል የሚሰጠው እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። ለጀሞ፣ ለየካ አባዶ፣ ለቱሉ ዲምቱ፣ ለኮዬ ፈጬ በጣም ይጠቅማል፤ የእርሻ ማሳው መጀመሪያ መንገድ፣ ቀጥሎ መሠረት፣ ቀጥሎ ኮንዶሚኒየም ሲሆን በዓመት በዓመት ይታያል። እነዚያ ቦታዎች ላይ ከሕንጻው በፊት የነበሩትን ገበሬዎችና የቦታ ስሞች መጠየቅ አይርሱ። ሁለት ጥንቃቄ አለ። በተለያየ ዓመት የተነሱ ምስሎች በጥቂት ሜትር ይፈናቀላሉ፤ ስለዚህ ቤት ተነቀለ ከማለትዎ በፊት የማይነቃነቅ ነገር፣ ለምሳሌ ቤተ ክርስቲያን ወይም ድልድይ፣ ላይ ያመሳክሩ። ጣሪያ አዲስ መምሰሉም ቤቱ አዲስ ነው ማለት አይደለም፤ ቆርቆሮ ብቻ ተቀይሮ ይሆናል።

የተጻፈ ነገር የት እፈልግ?

ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ለጋዜጦችና ለድሮ ሰነዶች፤ ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለጥናቶችና ለፎቶዎች። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የአዲስ አበባ ሙዚየም ራሱ የራስ ብሩ ቤት ስለነበረ፣ የመኳንንት ቤት ምን ይመስል እንደነበር በዓይን ለማየት ይሆናል። መታወቂያና የትብብር ደብዳቤ ይያዙ። የሚፈልጉትንም በዓመት ወስነው ይሂዱ፤ «ስለ ጉለሌ ያለውን ሁሉ» ብሎ መጠየቅ ባዶ እጅ ያስመልሳል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋቸው ግን እዚያው ሰፈር ውስጥ ናቸው፦ የዕድር መዝገብ፣ የደብሩ የክርስትና መዝገብ፣ የመስጊዱ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፣ የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች መዝገብ። የዕድር መዝገብ ሰው መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደሞተና የት እንደተቀበረ ይናገራል።

ኮምፒውተር ላይ ሲፈልጉ ደግሞ ፊደሉን ይቀያይሩ። «ሠራተኛ ሰፈር»፣ «ሰራተኛ ሰፈር»፣ «ሠራተኛ ሠፈር» ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ሁሉንም ይሞክሩ። የራሳችሁን መዝገብ ስትሠሩ አንድ አጻጻፍ ምረጡና ሌሎቹን በተለየ አምድ አስቀምጡ።

የሕዝብ ቁጥርን ማነጻጸር እችላለሁ?

ለከተማዋ በሙሉ አዎ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 2,112,737፣ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2,739,551 ሰው ተቆጥሯል። ለሰፈር ግን አይሆንም፤ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል የቀበሌና የወረዳ ወሰን ተቀይሯል። የዕድር አባላት ብዛት በየዓመቱ ካለ ከዚያ የተሻለ ያሳያል።

ቤቱ ቅርስ ነው ብለን ብናምን ምን እናድርግ?

ሊፈርስ ምልክት ከተደረገበት በኋላ ሳይሆን በፊት፣ ቅርስን ለሚመለከተው የከተማው ቢሮ በጽሑፍ ያመልክቱ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይነካም፤ ዋናው ቃል ግን «የተመዘገበ» የሚለው ነው። «ትልቅ ሰው ኖሮበታል» የሚል ደብዳቤ ብቻውን አያስመዘግብም። ፎቶ ከአራቱም አቅጣጫ፣ የወለል ንድፍ ከነልኬቱ፣ የቦታው ካርታ፣ ማን መቼ እንዳሠራው የሚያሳይ ሰነድ ወይም የሦስት ሰው የተፈረመበት ቃል አያይዙ። ያስገቡበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ቅጂው ላይ ያስጽፉ።

የሰበሰብነውን የት እናስቀምጥ?

ሦስት ቦታ፦ አንድ ሃርድ ዲስክ በዕድሩ ጸሐፊ፣ አንድ በሌላ ሰፈር በሚኖር ሰው፣ አንድ በኢንተርኔት ማከማቻ። ፍላሽ ላይ ብቻ ያለ እንደሌለ ይቆጠር። የፋይሉን ስም በቀን ጀምሩት፦ «2017-03-12_ራስካሳ_ቤት415_በር»፤ እንዲህ ከሆነ በራሱ በተራ ይሰለፋል። ስማቸው እንዳይጠቀስ የጠየቁትን ሰዎች ቅጂ በተለየ ማኅደር አድርጉና የማኅደሩን መክፈቻ ሁለት ሰው ብቻ ይያዘው። በየዓመቱ አንድ ቀን፣ ለምሳሌ በዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ዕለት፣ ሦስቱም ቅጂዎች ተከፍተው መሥራታቸው ይታይ፤ ያልከፈተውን በዚያው ቀን ከሌላው ገልብጡት።